«የአባቴን ሽንት ሰው ይዞልኝ ይምጣ?» ስለ ፒሲኤ3 እና ፕሮቲን ስለማይሰሩ አርኤንኤዎች የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦

«አባቴ 66 ዓመቱ ነው፤ አዲስ አበባ ይኖራል። አምና ፒኤስኤው (ፕሮስቴት የሚሰራው፣ ደም ውስጥ የሚለካው ፕሮቲን) 7.4 ሆኖ ከፕሮስቴቱ ናሙና ተወሰደ፤ ካንሰር የለም ተባለ። ዘንድሮ ሲለካ 8.1 ሆነ። ሐኪሙ ናሙናው ይደገም ይላል። አባቴ ግን ያኔ ስላመመውና ስላተኮሰው ሁለተኛ አልነካም ብሏል። እኔ ሜሪላንድ ነኝ። አብራኝ የምትሰራ ነርስ ፒሲኤ3 የሚባል የሽንት ምርመራ እንዳለ ነገረችኝ፤ ፕሮቲን የማይሰራ አርኤንኤ ነው የሚለካው አለችኝ። ፕሮቲን ካልሰራ ታዲያ ምን ያደርጋል? ካንሰሩን የሚያመጣው እሱ ነው? በሌላ በኩል፣ በአንዲት ጠብታ ደም ማይክሮአርኤንኤ ለክተን ብዙ ዓይነት ካንሰር እናገኛለን የሚል ማስታወቂያ አይቻለሁ። የቱ ይሻላል? ደግሞ ሽንቱን በጠርሙስ አድርጎ የሚያመጣልኝ ሰው አግኝቻለሁ። ይዞልኝ ይምጣ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ሰውየው መንገድ ሊጀምር ይችላልና ከመጨረሻው ልነሳ። ሽንቱን ይዞ አይምጣ። ድካሙም ወጪውም ከንቱ ነው የሚሆነው። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ከተበላሸ ናሙና የሚወጣ ውጤት ነው፤ ያለ ምክንያት ሊያረጋጋችሁ ወይም ሊያስደነግጣችሁ ይችላል።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሥራዬ ላብራቶሪ ውስጥ ከደምና ከሽንት አርኤንኤ ማውጣትና መለካት ነው። አርኤንኤ ሴል ከዲኤንኤው ላይ የሚገለብጠው ቅጂ ነው፤ በቀላሉ ይበጣጠሳል። የሚቆራርጡት ኢንዛይሞች እጃችን ላይ አሉ፣ ጠረጴዛው ላይ አሉ፣ ሽንቱ ውስጥ ራሱ አሉ። ስለዚህ ለፒሲኤ3 ሽንት የሚሰበሰበው በሥርዓት ነው። መጀመሪያ ሐኪሙ ጓንት አድርጎ በፊንጢጣ በኩል ፕሮስቴቱን በጣቱ ይጫናል፤ ቀኙን ሦስት ጊዜ፣ ግራውን ሦስት ጊዜ። ይህን ሲያደርግ ከእጢው ጥቂት ሴሎች ተላቀው ወደ ሽንት ቧንቧ ይገባሉ። ሰውየው ወዲያው ሄዶ ይሸናል። የሚፈለገው መጀመሪያ የሚወጣው ሽንት ነው፣ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር የሚሆነው፤ ሴሎቹን ጠርጎ የሚያወጣው እሱ ነው። ከዚያም በ4 ሰዓት ጊዜ ውስጥ አርኤንኤውን ከሚጠብቅ ፈሳሽ ጋር በልዩ ቱቦ ይደባለቃል። ከቦሌ እዚያ እናንተ ጋ ድረስ በረራው ብቻውን ከአስር ሰዓት በላይ ነው። ጠዋት ቤት ውስጥ በጠርሙስ የተያዘ ሽንት ላይማ የሚለካ ነገር ከመጀመሪያውም ላይኖር ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ፕሮቲን ካልሰራ ምን ያደርጋል?

ጥያቄሽ ቀላል እንዳይመስልሽ፤ ባለሙያዎችም ለብዙ ዓመት የጠየቁት ነው። ዲኤንኤያችን 3 ቢሊዮን ገደማ ፊደል አለው። ከዚህ ውስጥ የፕሮቲን መመሪያ የያዘው 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። ፕሮቲን የሚሰሩት ጂኖቻችን 20 ሺህ ገደማ ናቸው። ከዚያ ውጭ ካለው ዲኤንኤ ላይም ግን ሴሎቻችን ብዙ አርኤንኤ ይገለብጣሉ። ድሮ ይህ እንደ ትርፍራፊ ይታይ ነበር።

ድግስ አስቢ። ወጥ የሚሰሩት ጥቂት ሴቶች ናቸው። አሳላፊው ወጥ አይሰራም፤ ግን የትኛው ወጥ መቼ ይውጣ፣ ለየትኛው ገበታ ይድረስ፣ የቱ ይቆይ የሚለው በእሱ እጅ ነው። አሳላፊው ከተሳሳተ ወጡ ቢጣፍጥም ድግሱ ይበላሻል። ፕሮቲን የማይሰሩ አርኤንኤዎች ብዙዎቹ የሚሰሩት የአሳላፊ ሥራ ነው። ሌላው ጂን መቼና ምን ያህል ይስራ የሚለውን ይወስናሉ።

ፒሲኤ3ን እንውሰድ። የተገኘው በ1999 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራልሽ)፤ ያኔ ዲዲ3 ይባል ነበር። የኔዘርላንድና የአሜሪካ ተመራማሪዎች የፕሮስቴት ካንሰርን ከዚያው ሰው ጤነኛ የፕሮስቴት ሥጋ ጋር ሲያወዳድሩ፣ በካንሰሩ ውስጥ እጅግ የበዛ አንድ አርኤንኤ አገኙ። ረጅም ነው፣ ግን የፕሮቲን መመሪያ የለውም። በሌላ የሰውነት ክፍል የለም ማለት ይቻላል። በምርመራ ዓለም እንዲህ ዓይነት ነገር ብርቅ ነው። ፒኤስኤን እዪው፤ ፕሮስቴቱ ሲያረጅና ሲያብጥም ይጨምራል፣ ኢንፌክሽን ሲኖርም ይጨምራል። ፒሲኤ3 ግን የእጢው መጠን ብዙም አያናውጠውም።

ቆይቶ ደግሞ ይህ አርኤንኤ ምን እንደሚሰራ መታየት ጀመረ። በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው። የፒሲኤ3 ጂን ያለው ክሮሞዞም 9 ላይ፣ ፕሩን2 የሚባል ሌላ ጂን ሆድ ውስጥ ነው። ግን የሚነበበው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ስለዚህ የፒሲኤ3 አርኤንኤ ከፕሩን2 ጥሬ ቅጂ አንድ ክፍል ጋር ፊደል በፊደል ይገጥማል። ሁለቱ ሲገናኙ እንደ ዚፕ ይያያዛሉ። ሴል ውስጥ ደግሞ እንዲህ የተጣመረ አርኤንኤ ሲያገኝ ፊደሎቹን የሚቀይር ኢንዛይም አለ። መጥቶ ይለውጣቸዋል፤ የፕሩን2 መጠን ይወርዳል። ፕሩን2 የሴልን መራባትና መንቀሳቀስ የሚገታ ነው። እሱ ሲወርድ ሴሉ ልጓሙ ይላላል። ይህ በ2015 ታትሞ ወጣ። በሴሎችና በአይጦች ላይ ፒሲኤ3ን ሲያጠፉት የካንሰሩ እድገት ቀነሰ።

ታዲያ ካንሰሩን የሚያመጣው እሱ ነው? ብቻውን አይደለም። አንድ ሴል ካንሰር እስኪሆን ብዙ ነገር ይበላሽበታል። ፒሲኤ3 ካገዙት አንዱ ነው ብንል ከማስረጃው ጋር እንስማማለን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደባልቀውን ነገር ልለይልሽ። አንድ ነገር በበሽታ ጊዜ ስለጨመረ ብቻ በሽታውን አመጣ ማለት አይቻልም። ጥሩ ምሳሌው ጉበት ውስጥ በብዛት ያለው ሚር-122 የሚባል ማይክሮአርኤንኤ፣ ማለትም በጣም አጭር አርኤንኤ፣ ነው። ሰው ፓራሲታሞል ከልክ በላይ ወስዶ ጉበቱ ሲጎዳ የጉበት ሴሎች ይፈነዳሉ፤ ሚር-122ም ወደ ደም ይፈስሳል። ደም ውስጥ ስታገኚው ጉበት መጎዳቱን ይነግርሻል እንጂ ጥፋተኛው እሱ አይደለም። ይኸው ሞለኪውል ግን በሄፓታይተስ ሲ ጊዜ ሌላ ሚና አለው። ቫይረሱ እሱን ተደግፎ ነው የሚራባው፤ ይህ በ2005 ታወቀ። በ2013 ደግሞ ሚር-122ን የሚያስር መድኃኒት በበሽተኞች ላይ ሲሞከር የቫይረሱ መጠን መውረዱ ታትሟል። እንግዲህ አንዱ ሞለኪውል በአንዱ በሽታ ምልክት ብቻ ነው፤ በሌላው የበሽታው መሣሪያ ነው።

በቀጥታ በሽታ የሚያመጣበትም ጊዜ አለ። በ2024 የወጣው ግኝት አስገርሞኛል። አርኤንዩ4-2 የሚባል ጂን አለ፤ ርዝመቱ 150 ፊደል እንኳ አይሞላም፣ ፕሮቲንም አይሰራም። እዚያ ውስጥ አንዲት ፊደል ስትጨመር ልጁ የአእምሮ እድገቱ በእጅጉ ይዘገያል፤ ብዙዎቹ መናገር አይችሉም። ወላጆች ለዓመታት የጂን ምርመራ ሲያስደርጉ መልስ ያጡት አንዱ ምክንያት፣ የተለመደው ምርመራ ፕሮቲን የሚሰሩትን ጂኖች ብቻ ስለሚያይ ነው።

ወደ አባትሽ ልመለስ። ፒሲኤ3 በአሜሪካ የመድኃኒትና ምግብ ባለሥልጣን ፈቃድ ያገኘው በየካቲት 2012 በእነሱ አቆጣጠር ነው። ፈቃዱ ጠባብ ነው። ዕድሜያቸው 50ና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ ቀድሞ ናሙና ተወስዶ ካንሰር ላልተገኘባቸውና ሐኪም ናሙናው ይደገም ላላቸው ወንዶች ነው። አባትሽ በትክክል እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ነርሷ ጓደኛሽ ያለ ነገር አልተናገረችም።

ውጤቱ የሚሰላው የፒሲኤ3 አርኤንኤ ለፒኤስኤ አርኤንኤ ተካፍሎ፣ በ1000 ተባዝቶ ነው። ማካፈሉ ለምን? የፒኤስኤ አርኤንኤ ስንት የፕሮስቴት ሴል ሽንቱ ውስጥ እንደገባ ይነግረናል። በጣም ትንሽ ከሆነ የሽንቱ ናሙና ዋጋ የለውም፤ ይደገማል። መለያው ቁጥር 25 ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ከፕሮስቴቱ የሚወሰደው ሁለተኛ ናሙና ካንሰር የማሳየት ዕድሉ ዝቅ ይላል።

ምን ያህል ዝቅ ይላል? ፈቃድ ለማግኘት በተደረገው ጥናት ውስጥ 466 ወንዶች ነበሩ፤ ሁሉም እንደ አባትሽ ናሙና ተወስዶ ካንሰር አልተገኘባቸውም። የሽንት ምርመራውን አደረጉ፣ ከዚያ ሁሉም እንደገና ናሙና ሰጡ። 102ቱ ካንሰር ተገኘባቸው። ከእነሱ ወደ 79 የሚሆኑት ውጤታቸው ከፍ ያለ ነበር፤ ወደ 23 የሚሆኑት ግን ካንሰር እያለባቸው ምርመራው ዝቅ ብሎ አልፏቸዋል። ካንሰር ካልነበረባቸው 364 ሰዎች ደግሞ 156 ያህሉ ከፍ ያለ ውጤት አግኝተዋል። ይህን በሌላ አቅጣጫ እዪው። ውጤቱ ዝቅ ካለላቸው አስር ሰዎች ዘጠኙ ካንሰር አልተገኘባቸውም፣ አንዱ ግን ተገኝቶበታል። ውጤቱ ከፍ ካለባቸው ሦስት ሰዎች ካንሰር የነበረበት አንዱ ነው።

ስለዚህ ይህ ምርመራ «ካንሰር አለ፣ የለም» ብሎ አይፈርድም። የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፤ ናሙናው አሁኑኑ ይደገም ወይስ ትንሽ ጠብቀን እንከታተል? እሱንም ከሌሎች መረጃዎች ጋር ሆኖ ነው። ካንሰሩ ኃይለኛ ይሁን ዘገምተኛ በደንብ አይለይም። በፕሮስቴት ዋናው ጭንቀት ደግሞ ይሄ ነው፤ ብዙ የፕሮስቴት ካንሰር ሰውን ሳይጎዳ አብሮት የሚያረጅ ነውና።

አንድ ነገር ልብ በይ። የአምናው ሪፖርት ላይ «አጠራጣሪ ትንንሽ እጢዎች» የሚል ዓይነት ነገር ተጽፎ ከሆነ፣ የፒሲኤ3 ነገር ይቀራል። እንዲህ ያለባቸው ሰዎች ናሙናቸው የሚደገመው በራሱ ምክንያት ነው። ሪፖርቱን አውጥታችሁ እያንዳንዱን መስመር አንብቡ፤ «ካንሰር የለም» ከሚለው በታች ያለውንም።

የደሙ ማስታወቂያ እንዴት ነው?

ማይክሮአርኤንኤ ራሱ እውነተኛና ድንቅ ሳይንስ ነው። 22 ፊደል ገደማ ያላቸው ቁርጥራጮች ናቸው። መጀመሪያ በ1993 በአንዲት ትንሽ ትል ውስጥ የታዩት በቪክተር አምብሮስና በጋሪ ሩቭኩን ላብራቶሪዎች ነው። ያኔ የትሏ የብቻ ነገር ነው ተብሎ ነበር። በ2000 የሩቭኩን ቡድን ሁለተኛውን፣ ሰውም ውስጥ ያለውን አገኘ፤ ነገሩ ተለወጠ። ሁለቱ ሰዎች በ2024 ኖቤል ተሸለሙ። በ2002 ደግሞ የካርሎ ክሮቼ ቡድን በአንድ ዓይነት የደም ካንሰር ውስጥ ሁለት ማይክሮአርኤንኤዎች ከግማሽ በላይ በሆኑ ታማሚዎች ጠፍተው ወይም ቀንሰው አገኘ። የእነዚህ ሁለቱ ሥራ ሴሉ ጊዜው ሲደርስ እንዲሞት መርዳት ነበር። በ2008 ማይክሮአርኤንኤ ደም ውስጥ ሳይበጣጠስ እንደሚቆይ ታየ፤ ከፕሮስቴት ካንሰርም ጋር ተያያዘ። ከዚያ በኋላ ነው «በደም ጠብታ ካንሰር» የሚለው ተስፋ የጋለው።

ችግሩ ያለው ደሙ አወሳሰድ ላይ ነው። ከራሴ ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ስሰራ የታማሚዎችንና የጤነኞችን ደም አወዳደርን። ሚር-451 የሚባለው በታማሚዎቹ ውስጥ እጥፍ ድርብ ሆኖ ወጣ። ደስታችን ልክ አልነበረውም፤ ጽሑፍ ማዘጋጀት ጀመርን። አንድ ቀን ማታ ቱቦዎቹን ከማቀዝቀዣ አውጥቼ ነጭ ወረቀት ፊት ደረደርኳቸው። የጤነኞቹ ፕላዝማ፣ ማለትም የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ እንደ ቀጭን ሻይ ቢጫ ነው። የታማሚዎቹ ወደ ሮዝ ያደላል። ልቤ ዝቅ አለ። ሮዝ ማለት ቀይ የደም ሴሎች ፈንድተዋል ማለት ነው፤ ሚር-451 ደግሞ ቀይ የደም ሴሎች ውስጥ የታጨቀ ነው። የታማሚዎቹ ደም የተቀዳው ሌላ ክሊኒክ ነበር፤ በቀጭን መርፌ ተቀድቶ ግማሽ ቀን ተቀምጦ ነው የመጣው። የለካነው በሽታውን ሳይሆን መርፌውን ነበር። የስድስት ወር ሥራ ጣልን። ዛሬም ማንም ተማሪ ሲመጣ የመጀመሪያው ትምህርቴ ቱቦውን ነጭ ወረቀት ፊት አስቀምጦ ማየት ነው።

ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ ሲገጥምሽ ሦስት ነገር ጠይቂ። የተፈተነው በማን ላይ ነው? ካንሰር እንዳለባቸው ቀድሞ በታወቀ ሰዎች ላይ ብቻ ከሆነ አባትሽን አይወክልም። ጤነኛውን ስንት ጊዜ በስህተት ያስደነግጣል? ለምሳሌ ከ100 ጤነኛ 5 ብቻ ቢሳሳት ትንሽ ይመስላል፤ 1000 ጤነኛ ሰው ሲመረመር ግን 50 ሰው ያለ ምክንያት ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ያጣል ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ውጤቱ ከፍ ካለ ቀጥሎ ምን ይደረጋል? ለዚህ ጥርት ያለ መልስ ከሌላቸው ገንዘብሽን አትክፈይ። ለአባትሽ ጥያቄ ይህ ማስታወቂያ መልስ አይሆንም።

አሁን ምን ይደረግ ለሚለው፣ ውሳኔው የእሳቸውና የሐኪማቸው ሆኖ፣ እኔ ብሆን የማነሳቸውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ መድኃኒታቸውን ጠይቂ። ለፕሮስቴት እብጠት ፊናስተራይድ ወይም ዱታስተራይድ የሚወስዱ ከሆነ፣ እነዚህ መድኃኒቶች ሲቆዩ ፒኤስኤን በግማሽ ያህል ያወርዱታል። ያኔ 8.1 የተባለው 16 አካባቢ እንደሆነ ነው የሚታሰበው። ሐኪሙ ይህን ማወቅ አለበት፤ ብዙ አባቶች ደግሞ ከፋርማሲ የገዙትን ሁሉ አይናገሩም። የሽንት ኢንፌክሽን አለመኖሩም ይታይ።

ሁለተኛ፣ ናሙና ከመደገሙ በፊት የፕሮስቴት ኤምአርአይ ስለማንሳት ይጠየቅ። ዛሬ በብዙ አገር መመሪያ ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነው። አጠራጣሪ ቦታ ካሳየ መርፌው እዚያው ላይ ያነጣጥራል። ፒሲኤ3 በወጣበት ጊዜ ይህ አማራጭ እንዲህ በስፋት አልነበረም፤ አሁን የፒሲኤ3 ቦታ የጠበበውም በከፊል በዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ፍርሃታቸውን በቀላሉ አትለፊው። በፊንጢጣ በኩል በሚወሰድ ናሙና ኢንፌክሽን ሊከተል ይችላል፤ ትኩሳቱ ከዚያ ሊሆን ይችላል። በብልትና በፊንጢጣ መሃል ባለው ቆዳ በኩል የሚወሰድበት ዘዴ አለ፤ በእሱ ኢንፌክሽን ያነሰ ነው። «አልነካም» ያሉት አባት «በሌላ በኩል ነው፣ ማደንዘዣም አለው» ሲባሉ ሐሳባቸውን ሊቀይሩ ይችላሉ። አምና ትኩሳት እንደነበራቸውም ለሐኪሙ በግልጽ ይነገረው።

እሳቸው ራሳቸው ሊጠይቁሽ የሚመጡ ከሆነ ደግሞ፣ እዚያ ላለው ዩሮሎጂስት (የሽንት ቧንቧና የፕሮስቴት ሐኪም) ቀጠሮ ስትይዢ የፒሲኤ3ን ወይም እሱን ከሌላ ምልክት ጋር አጣምሮ የሚለካ የሽንት ምርመራ ይሰሩ እንደሆነ ቀድመሽ ጠይቂ። ናሙናው እዚያው ክሊኒክ ውስጥ ይሰበሰባል።

ለመንገደኛው ሌላ ሥራ ስጪው። አምና የተወሰደው ሥጋ በሰም ውስጥ ተቀብሮ ተቀምጧል፤ ፓራፊን ብሎክ ይባላል። አውራ ጣት የምታህል ነገር ናት። በረዶ አትፈልግም፣ አትበላሽም፣ ለዓመታት ትቆያለች። አባትሽ ናሙናው የተመረመረበት ቦታ ሄደው ብሎኩን ወይም ከእሱ የተቆረጡ ስላይዶችን ከነሪፖርቱ መጠየቅ ይችላሉ። ሌላ ፓቶሎጂስት (ሥጋውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ሐኪም) እንደገና ያየዋል፤ አንዳንዴ ሁለተኛው ዓይን የመጀመሪያው ያለፈውን ያያል። ሰውየው በእጅ ሻንጣው፣ ከፀሐይና ከሙቀት ጠብቆ፣ በጠንካራ ሣጥን ውስጥ አድርጎ ይያዘው። ሰሙ ከቀለጠ ችግር ነውና መኪና ውስጥ ትቶት እንዳይወርድ ንገሪው።